ለሁለት ሰው አንድ መቆንጠጫ

እስከ ዛሬ ማብሪያ ማጥፊያ ስነካ እጄ ትንሽ ይዘገያል። የወጥ ቤት መብራት ይሁን ቴሌቪዥን፣ ልከፍት ስል አንድ ነገር ከላይ የሚወድቅ ይመስለኝና ቀና እላለሁ። ቤት ውስጥ ምን ሰማይ አለ! ጣራውን ነው የማየው። ያየኝ ሰው "ምነው?" ሲለኝ "አንገቴን አሞኝ ነው" እላለሁ። አንገቴን ካመመኝ እንግዲህ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው።

ነገሩ የሆነው ካምፓላ ነው፤ ዘጠና ሰባት አልቆ ዘጠና ስምንት ሲገባ። ካባላጋላ በሚባል ሰፈር ውስጥ ስምንት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረችኝ። ዓርብ ዓርብ የአገሬ ልጆች በያይነቱ ሊበሉ ይመጡና በአገር ቤት ፖለቲካ ይጣላሉ፤ ጩኸታቸው መንገድ ዳር ተሳፋሪ የሚጠብቁትን የቦዳ ሞተረኞች ሳይቀር ያስደነግጥ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ጥግ ይዘው፣ ጋዜጣ ዘርግተው፣ በትንሽዬ ቢላ እንጨት ይፍቃሉ። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ እጃቸው ግን የጎረምሳ እጅ ነው። አፌ አያርፍምና አንድ ቀን ሄጄ፣ "ጋሼ፣ ጠረጴዛዬን ፍቀው ሊጨርሱት ነው እንዴ?" አልኳቸው። ቀና ሳይሉ፣ "ጠረጴዛሽማ አይበርም። የሚበረው ይሄ ነው" አሉኝ።

የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ኢንቴቤ፣ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠገኑበት ቦታ ይሠራሉ፤ እሳቸው አይተው፣ ነካክተው፣ ማኅተማቸውን አድርገው ካልፈረሙ አውሮፕላኑ ንቅንቅ አይልም። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። እሁድ እሁድ ደግሞ ሐይቁ ዳር ካለችው ጋባ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ፣ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ሞተር የሌለው ትንሽ አውሮፕላን ያበርራሉ።

ሞተር የሌለው ነገር እንዴት ይበራል ብዬ ልስቅባቸው ሄድኩ። ሄጄ ቀረሁ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ይነሳል፤ የዓሣ ገበያውን ሽታ ይዞ መጥቶ ኮረብታውን ይገጭና መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ይሄን ከማናችንም በፊት ያውቁታል፤ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ዝም ብለው ይንሳፈፋሉ። የኛም አውሮፕላን እንደዚያው ነው። ከገደሉ ጫፍ ቆሞ በእጅ መወርወር፣ ከዚያ ሪሞት ይዞ በሁለት አውራ ጣት ጭራና ክንፉን ማዘዝ። ሌላው የነፋሱ ሥራ ነው። መጀመሪያ ያስወረወሩኝ ቀን አውሮፕላኑ ከእጄ ወጥቶ አልወድቅም ሲል፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ ሴት እልል አልኩ።

አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ነበርን፤ የአገሬው ሰው፣ ነጭ፣ ሕንድ። ሰብሳቢያችን ረጅም ቀጭን ኡጋንዳዊ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ሴት እኔ ብቻ። ሐበሻው ይሄን ሰማና፣ "አሻንጉሊት ታበርራለች አሉ! ባል ብታገባ አይሻላትም?" ተባለ። ምን አገባቸው!

የመጀመሪያዬን አውሮፕላን ጋሼ ከምግብ ቤቴ ጓሮ አብረውኝ ሠሩ። ለዚህ የሚሆነው ቀላል እንጨት ከውጭ ስለሚመጣ ጀማሪ አይነካውም፤ የኔ ክንፍ የተሠራው ከጋባ ካመጣነው ነጭ የዓሣ ማሸጊያ ፎም ነው። በኤሌክትሪክ በጋለ ቀጭን ሽቦ ስንቆርጠው ጠፋ ያልነው ሽታ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ደንበኞቼ እያነፈነፉ "ዛሬ ዓሣ አለ እንዴ?" ይሉ ነበር። ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዘውን የብረት ዘንግ ብረት ሠሪዎች ካሉበት ካትዌ ሄደን አስቆረጥን። ብረት ቆራጩ የምን እንደሆነ ጠይቆ ጋሼ "የአውሮፕላን" ሲሉት ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ዘንጉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀጥ ማለቱን አዩ። ጠማማ ነው ብለው ሦስት ጊዜ መለሱበት። "ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው" አሉኝ ስንመለስ፤ "ክንፍ ክንፍ ነው።"

አሁን የመቆንጠጫውን ነገር ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ሪሞት ቁጥር ያለው የራሱ ሞገድ አለው። ሁለት ሰው በአንድ ቁጥር ከከፈተ፣ አየር ላይ ያለው አውሮፕላን የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ አያውቅም፤ ይወድቃል። ስለዚህ ኮረብታው ላይ አንድ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ሰሌዳው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው የእንጨት መቆንጠጫዎች ተሰክተዋል፤ ያው ልብስ ስናሰጣ ነፋስ እንዳይወስድብን የምናደርጋቸው። የቁጥርህን መቆንጠጫ አንስተህ ልብስህ ላይ ሳታደርግ ሪሞት መክፈት የለም። መቆንጠጫው ከቦታው ከሌለ ሌላ ሰው እያበረረ ነው፤ ትጠብቃለህ። ሕጋችን ይሄ አንዱ ብቻ ነበር።

አንድ ወግም ነበረን። አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር ሰብሳቢው ሁላችንንም ይጠራና "ከፍቶ የነበረ ሰው አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ያጠፋው እጁን ያወጣል። ስድብ የለም፣ ማኩረፍ የለም። ያጠፋው ሰው ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ የተሰበረውን አብሮ ይጠግናል፤ በቃ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ሁለት ሰው እጁን ሲያወጣ አይቻለሁ፤ አብረው ሲጠግኑ ሰንብተው ወዳጅ ሆነው ቀሩ። ይሄን የምላችሁ የሚያስፈራኝ ነገር እንዳልነበረ እንድታውቁልኝ ነው።

ለሪሞቱ ቁጥሩን የሚሰጠው ክሪስታል የምንለው የጥፍር ያህል ቁራጭ ነው። የኔ ከእጄ ወድቆ ተሰነጠቀ። ሌላ ከናይሮቢ እስኪመጣልኝ ጋሼ የራሳቸውን መለዋወጫ ሰጡኝ። መለዋወጫው የሳቸው ስለሆነ ቁጥሩም የሳቸው ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ መቆንጠጫ ሆነ ማለት ነው። ሰብሳቢው ቅር አለው። ጋሼ ግን፣ "እኔ ሳወርድ እሷ ታወጣለች። ምን ችግር አለው?" አሉት። ሁለት ወር ያህል እንዲያ አደረግን። ሲያርፉ መቆንጠጫውን ከሸሚዛቸው ነቅለው እጅጌዬ ላይ ይሰኩልኛል፤ "በይ፣ ሰማዩ ያንቺ ነው" ይሉኛል።

ያን እሁድ ነፋሱ ልክ ነበር። ጋሼ ትልቁን አውሮፕላናቸውን ይዘው መጡ፤ ነጭ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር የሚሆን፣ ምግብ ቤቴ ጥግ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ የፋቁት። ከወጣ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። እኔ ከመኪናዬ ጀርባ ጥላ ውስጥ ተቀምጬ፣ አውሮፕላኔን ጭኔ ላይ አድርጌ የላላውን የጭራዋን ማንቀሳቀሻ አጣብቄ ጨርሻለሁ። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ቸኩያለሁ። ትዕግሥት የሚባል ነገር ከድሮም አልፈጠረብኝም። ድንገት ከገደሉ ጫፍ ጭብጨባ ሰማሁ። ጋሼ ሲያርፉ ሁልጊዜ ይጨበጨብላቸዋል። አረፉ አልኩ።

ሃያ እርምጃ ሄጄ ሰሌዳውን ማየት ነበረብኝ። ሃያ እርምጃ!

ሪሞቱን ከፈትኩ። አንቴናውን እንኳ በወጉ አልሳብኩትም። አውራ ጣቴን ገፋ አደረግኩ፤ ጭራዬ ዝዝ ብላ ደፋ አለች። ደገምኩ፤ ደፋ አለች። ደስ አለኝ። ሦስተኛውን ረዘም አድርጌ ይዤ ጎንበስ ብዬ ሳያት ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ ከታች፣ ከማቶኬው፣ ከሙዙ እርሻ ውስጥ፣ እንጨት ሲሰበር። ሌላው ሰው የሰማው ይሄን ስብራት ነው። እኔ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን ከሱ በፊት የነበረው ነው፤ ጭኔ ላይ ያለችው ጭራ ዝዝ ስትል።

አላረፉም ነበር። ጭብጨባው ከአንድ አባ ኮዳ ጋር ጎን ለጎን ስለወጡ ነው። መቆንጠጫው ሸሚዛቸው ላይ ነበር።

ሪሞቱን ዘጋሁ፣ አንቴናውን መለስኩ፣ መኪናው ውስጥ ወረወርኩት። ዘግቼም፣ አፈር ልብላ፣ እንደማንኛውም ሰው "ምን ሆነ? ምን ሆነ?" እያልኩ ሮጥኩ።

ሰብሳቢው ሰበሰበን። "ከፍቶ የነበረ ሰው አለ?" አለ። ማንም እጁን አላወጣም። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ በዚያ ቁጥር ከጋሼ ሌላ ያለሁት እኔ ብቻ ነኛ። ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሼ ቀደሙኝ። "እሷን እንዳታያት!" አሉ በቁጣ። እሳቸው ሲቆጡ ያኔ ነው ያየሁት። "መቆንጠጫውን ሳታይ እጇን አታነሳም። እንደ ልጄ ነው የማውቃት። የኔ ጥፋት ነው፤ የኔ እጅ ነው።" ሰብሳቢው አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን! አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ስብርባሪውን ከሙዙ ተክል መሀል ስንለቅም ጋሼ ለራሳቸው ያወሩ ነበር። "ሁለት ጊዜ ደፋ አለ፤ አነሳሁት። ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጎ ደፋ። አላዘዝኩም። አላዘዝኩም ልበል እንጂ ጣቴ ሲገፋ ተሰምቶኛል መሰለኝ።" ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ። የክንፉን ቁራጭ አቅፌ ቆሜ ቀረሁ። እየነገሩኝ ያሉት የኔን አውራ ጣት ነው።

ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሰኞ ሲሆን ማክሰኞ አልኩ። ከዚያ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ነገር በቆየ ቁጥር የሚነገርበት አፍ ይጠፋል፤ መጀመሪያ ቀን ቢሆን "ጋሼ፣ ሞኝ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ" ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄ እንስቅበት ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ለምን ዝም አልሽ ለሚለው ምን ብዬ ልመልስ?

ዓርብ ዓርብ መምጣታቸውን አልተዉም። ጋዜጣውንና ቢላውን ግን ተዉ። ብርጭቆ እስከ አፍ ገደፉ ውሃ ሞልተው መዳፋቸው ላይ ያስቀምጡና ያዩታል። "አየሽው? ይንቀጠቀጣል?" ይሉኛል። "ኧረ ምንም አይንቀጠቀጥም፣ ጋሼ!" "አንቺማ ለኔ ብለሽ ነው።" እውነቴን ነበር፤ ጠብ አይልም ነበር። ብርጭቆውን ከመዳፋቸው አንስቼ የምወስደው እኔ ነኝ ውሃውን የማፈስሰው። ወጥ ቤት ገብቼ እጄን እያየሁ እቆማለሁ። አንዳንድ ቀን ከወጥ ቤቱ ማራገቢያ ውስጥ ያ ዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማኛል፤ አስጠፋዋለሁ፤ ከጠፋም በኋላ ይሰማኛል። ሕልሜ ውስጥ ደግሞ አውሮፕላኑ አልወደቀም። ኮረብታው ላይ ይዞራል፣ ማረፊያ ፍለጋ ይዞራል፤ ሰው የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ፣ ሪሞቱ እጄ ላይ ነው፤ ልዘጋው ስል አልዘጋ ይለኛል።

ሐኪም ጋ ሄዱ። ጤነኛ ነዎት ተባሉ። "ሐኪሙ ያየው ሐኪም ቤት ውስጥ ያለውን እጄን ነው" አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ሞኝ አልነበሩም፣ ግን ከጨበጡ አይለቁም። ከዚያ አንድ ዓርብ ተረጋግተው መጡ፣ ጥሩ በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡና ማኅተሙን መመለሳቸውን ነገሩኝ። "ጣቱ ሳያዘው የሚሄድ መካኒክ ሰው የሚሳፈርበት ነገር ላይ አይፈርምም" አሉ። "ማንም አላባረረኝም። ራሴ ነኝ የሄድኩት።" ያለ ፊርማ ደግሞ ምን ሥራ አለ! አዲስ አበባ እህታቸው ጋ ሊገቡ ነው። 

የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። "አባቴ፣ የሰው አውሮፕላን ጣልኩ" ስላቸው ብድግ አሉ። "በስመ አብ! ስንት ሰው ሞተ?" "ማንም አልሞተም፣ አባቴ፤ ትንሽ ናት፣ የእንጨት ናት።" ተመልሰው ተቀመጡና ሁሉንም ሰሙኝ። ስጨርስ፣ "ስግደት ብሰጥሽ ደስ ይልሽ ነበር፣ አይደል?" አሉኝ። "አዎ፣ አባቴ።" "አልሰጥሽም። ሂጂና ለሰውየው ንገሪያቸው።" እኔ ግን ሳይሰጡኝ በራሴ በየቀኑ አርባ አርባ ሰገድኩ። ጉልበቴ ተላጠ። አልነገርኳቸውም።

የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ኢንቴቤ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ንብረታቸው ሁለት ሻንጣ ነው፤ ሪሞታቸውንና መሣሪያቸውን ለሰብሳቢው ትምህርት ቤት ሰጥተውታል። ግማሽ መንገድ ላይ ማቶኬ የጫነ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ቆምን። ከዚህ በኋላ ቀን የለም አልኩ በልቤ። ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ፣ "ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምኑ?"

"አውሮፕላኑን የጣልኩት እኔ ነኝ። ሪሞት ከፍቼ ነበር። ያረፉ መስሎኝ፣ ሰሌዳውን ሳላይ። እጅዎ ምንም አልሆነም። እጅዎ ደህና ነው።"

 ዞር ብዬ ሳያቸው ፈገግ ብለዋል። 

"እናትሽ ጥሩ አድርጋ አሳድጋሻለች" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እውነቴን ነው! ሁለት ጊዜ ደፋ አደረግኩ፣ ሦስተኛውን ረዘም አድርጌ ያዝኩት!"

"እኔው የነገርኩሽን መልሰሽ ትነግሪኛለሽ?"

"በእመብርሃን! እመብርሃንን እኮ ነው የምልዎት!"

"ተይ፣ አትማዪ። ለኔ ብለሽ በሷ ስም አትማዪ።" እጃቸውን ማርሹን የያዘው እጄ ላይ አደረጉ። "አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ያኔውኑ እጅሽን ታወጪ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ብርጭቆ ስይዝ እያየሽ ዝም የምትዪ ሰው ነሽ? አውቅሻለሁ እኮ።"

መሪውን በጡጫ መታሁት። ጮህኩ። ክሪስታሉን፣ ጭብጨባውን፣ የመኪናውን ጥላ፣ የንስሐ አባቴን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ እንባና ንፍጥ ሆንኩ። እሳቸው መሐረባቸውን አውጥተው ሰጡኝ፤ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ፣ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ይሉኛል። ባለቀስኩ ቁጥር ይበልጥ የምዋሽላቸው መሰላቸው። "ለኔ ስትይ ስምሽን ልታጠፊ! ካምፓላ ውስጥ እንዲህ የሚወደኝ ሰው አለ ብዬ እሄዳለሁ" አሉ፤ የሳቸውም ዓይን እንባ አቀረረ። ከኋላችን መኪናዎቹ ጥሩምባ ነፉ። መንገዱ ተከፍቶ ነበር።

ቀሪውን መንገድ ዓይኔን ከፊቴ ሳላነሳ ነዳሁ። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል፤ ሐይቁ ብቅ ባለ ቁጥር በመስኮት ያዩታል።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሻንጣዎቹን አወረድኩ። ከቲኬቱ ጋር የተሰጣቸውን የመውጫ ቅጽ ከኪሳቸው አወጡና ከነእስክሪብቶው ለኔ ሰጡኝ። "አንቺ ሙዪልኝ። በዚህ እጅ ከምጽፍ" አሉኝ። ቅጹን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቼ ስማቸውን ጻፍኩ፣ የትውልድ ዘመናቸውን ጻፍኩ፣ የፓስፖርታቸውን ቁጥር ጻፍኩ። "ሥራ" የሚለው መስመር ላይ ስደርስ አየኋቸው።

"እለፊው" አሉኝ።

አለፍኩት።